ቀይ ጨርቅ የተሰቀለበት በር

ኅዳር ወር ውስጥ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በወላይታ ሶዶ ከተማ መብራት ጠፋ።

ወፍጮ ቤቶች ዝም አሉ። ፀጉር አስተካካዮች ግማሽ ራሱን የላጩትን ደንበኛ ፎጣ አልብሰው በር ላይ አስቀመጡት። ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ጮራ የሳይንስ ኮሌጅ ደግሞ ለላቦራቶሪ ምረቃ ለሚመጡ የክልል እንግዶች የተዘጋጀው ለስላሳ መሞቅ ጀመረ። ከተማው አልደነገጠም፤ በዚያ ዘመን ሶዶ ውስጥ ሰውን የሚያነጋግረው መብራት ሲመጣ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን ዶክተር ሀብተሚካኤል ከላቦራቶሪው በር ጀርባ ሞቶ ተገኘ፤ መብራት መጥፋቱም የፖሊስ ጉዳይ ሆነ።

ሟቹ የከተማው ልጅ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ሶዶ፣ መርካቶ ሰፈር፣ የመኪና ዕቃና ባትሪ ሲሸጡ ኖሩ። ታላቅ ወንድሙ ፍቅረማርያም ሱቁን ወረሰ፤ እሱ ጀርመን ሄደ። እዚያ የተማረው የከባድ ብረቶችን እምብርት፣ ኒውክለስ የሚባለውን፣ በሌዘር ብርሃን መለካት ነበር። ሲመለስ ኮሌጁ አንድ አሮጌ የማዳበሪያ መጋዘን ሰጠው። መሣሪያውን እዚያ ተክሎ እርሳስ መለካት ጀመረ፤ እርሳሱን ወንድሙ ከሞቱ የአይሱዙ ባትሪዎች እያወጣ ያመጣለታል። «ጀርመን ድረስ ተምሮ መጥቶ ያንኑ የአባቱን ባትሪ ያያል» እያሉ ነጋዴዎቹ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ክፍሉ ብርሃን አይወድም። መስኮቶቹ በብሎኬት ተደፍነዋል፤ በሩ ከውስጥ በስፖንጅና በጥቁር ጨርቅ ተለብጧል፤ በጓሮ በኩል የቀረችው አንዲት የአየር ቀዳዳ እንኳ በቡትቶ ተወትፋለች። ልኬት ሲጀመር የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ቀይ ጨርቅ ካለ ማንም አይከፍትም። አንድ ጊዜ አንድ ኦዲተር ከፍቶ የሳምንታት ሥራ አበላሸ ተባለና በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በኮሌጁ ውስጥ የሚፈራው ነገር ሁለት ሆነ፤ ግምገማና ቀይ ጨርቅ።

ያን ዕለት ቀዩ ጨርቅ ተሰቅሎ ሳለ በሩን የከፈተችው ሶፊ ናት፤ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ የዲምቱ ልጅ። በዚያው ቀን ታሰረች።

ምርመራው የተሰጠው ለኢንስፔክተር ፈጠነች ባዳቾ ነበር። ጉኑኖ ተወልዳ ያደገች፣ ለከብት ሌባም ለወንጌላዊም አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ድምፅ የምታቀርብ ሴት ናት። አለቃዋ ነገሩን አሳጠረው። ልጅቷ ዓርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ በሰው መግደል ትከሰሳለች። ሌላ ሰው ካለ እስከዚያ ይነገረው፤ ከሌለ አይነገረው።

ፈጠነች ከሁሉ አስቀድማ ክፍሉን አየች። ሟቹ የወደቀው በሩ ሥር ነው። ጉንጩ እንደ ሕያው ሰው ቀልቷል፤ ከተማው «ጨረር አቃጠለው» ያለው ለዚህ ነበር። ሐኪሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው አላት፤ ሽታ የሌለው፣ የሞተር ጭስ ውስጥ ያለ መርዝ። በቀኝ እጁ አጠር ያለች የእርሳስ ዘንግ ጨብጧል፤ የዘንጓ አንድ ጫፍ ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቷል። በሩ ላይ፣ ስፖንጁ ከሚያልቅበት በታች ባለው ባዶ እንጨት ላይ፣ ግራጫ ግራጫ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። በኮቱ ኪስ ውስጥ የታጠፈ አሮጌ ቀይ ጨርቅ ተገኘ። ከጓሮው ቀዳዳ የወጣው ቡትቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። የበሩ እጀታ ላይ ደግሞ፣ ከውጭ፣ ቀይ ጨርቅ እንደተሰቀለ ነው።

ሁለት ቀይ ጨርቅ። አንዱ ከማጠብ ብዛት ወደ ሮዝ የሄደ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ አዲስ ሳቲን።

በሩ ከማዳበሪያው ዘመን የቀረ የብረት መቀርቀሪያ አለው፣ በውጭ በኩል። ፈጠነች ልትዘጋው ሞከረች፤ እንቢ አላት። አብሯት የመጣው ኮንስታብል ሞከረ፤ አውራ ጣቱን ላጠ። የኮሌጁ ዘበኛ፣ አቶ ፋንታዬ የሚባሉት፣ ጥቂት ከሳቁባቸው በኋላ አሳዩአቸው። በሩን ከታች በጉልበት ገፋ፣ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ቀና፣ ከዚያ ወደ ጎን። ሲከፈትም እንደዚያው ነው። ሶፊም አቅቷት እሳቸውን ጠርታ እንደነበር ነገሯት። ከማዳበሪያው በኋላ መቀርቀሪያው ሥራ ፈቶ ስለ ኖረ ከእሳቸው በቀር ዘዴውን የሚያውቅ የለም አሏት።

የኮሌጁ ዲን ዶክተር ደገፉ ቢሮአቸው ውስጥ ጥቁር ከረባት አስረው ተቀበሏት። የሳይንስ ሰማዕት የሚል ቃል ለሐዘን መግለጫው አዘጋጅተዋል። ከሶፊ በስተቀር ሌላ የሚጠረጥሩት ሰው የለም፤ ምክንያታቸውም ቀላል ነው።

«ቀይ ጨርቅ ያለበትን በር የሚከፍት ሰው እዚህ ግቢ የለም፤ እኔም አልከፍትም። እሷ ግን መጣች፣ ከፈተች። ልኬት ላይ እንዳልሆነ በምን አወቀች? ሞቶ እንደነበር ካላወቀች በቀር?»

«እንግዶቹ በሩ ፊት በነበሩ ጊዜ ምን ሰማችሁ?»

«ምንም። ሪባኑን እዚያው ኮሪደሩ ላይ የክልሉ እንግዳ አቶ ጌታሁን ቆረጡ፣ እኔም ያለ ማይክሮፎን ንግግር አደረግሁ። ኮሽታ አልነበረም። ሰው እንዲያ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም።»

የፊዚክስ መምህሩ ታምራት ደግሞ የሟቹ ተባባሪ ነው፤ የጥናት ጽሑፉ ላይ ስሙ ሁለተኛ የሰፈረ፣ የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ አላገኘም። ፈጠነች መጀመሪያ ስለ ልኬቱ እንዲያስረዳት ጠየቀችው፤ ስለ ሥራው ሲያወራ ድምፁ ተረጋጋ።

«እምብርቱ አይታይም፣ እህቴ። በጣም ትንሽ ነው። ግን አንድ ዓይነት ብረት ሆኖ እምብርቱ ከፍና ዝቅ የሚል አለ፤ አይሶቶፕ እንላቸዋለን። በውጭ ስታያቸው አንድ ናቸው። ሌዘር ስታበሪባቸው ግን አንዱ የሚቀበለው ቀለም ከሌላኛው ቀለም ሽርፍራፊ ታህል ፈቀቅ ይላል። ከዚያች ፈቀቅታ ተነስተን የእምብርቱን ስፋት እናሰላለን።»

«ሳታዩት?»

«ሳናየው።»

«የእኛም ሥራ እንደዚሁ ነው» አለች ፈጠነች። «በሩ ፊት በነበራችሁ ጊዜ ምን ሰማህ?»

«ምንም። ለበዓሉ የመጣው ጀነሬተር እየጮኸ ምን ይሰማል?»

«መቀርቀሪያውንስ?»

«በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም።»

ፍቅረማርያምን ያገኘችው ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ነው። እናትየው፣ እትዬ አረጋሽ፣ ጥግ ላይ ሆነው ልጃቸው የብረት ሆድ ያይ እንደነበር ለመጣው ሁሉ ይነግራሉ። ፍቅረማርያም የወንድሙ ቀን ነው ብሎ የሱቁን ጀነሬተር ለበዓሉ ያዋሰ ሰው ነው፤ ልኬቱ የሚታይበት ስክሪንና ፍሪጁ የሠሩት በእሱ ነበር። ጀነሬተሩን የት እንዳቆመው ጠየቀችው። ከግራቪሊያው ዛፍ ሥር፣ ከሕንፃው ራቅ አድርጎ፣ አላት። ሲናገር እጆቹን ጭኑ ሥር ደበቀ። ቢደብቅም ዘግይቷል፤ የጥፍሮቹ ሥር ነጭ ኖራ ነበረ።

ወደ ኮሌጁ ተመልሳ ጓሮውን ዞረች። የመጋዘኑ ግድግዳ ከማዳበሪያው ጊዜ ጀምሮ ቀለም አይቶ አያውቅም፤ ከአየር ቀዳዳዋ በታች ግን የትሪ ስፋት ያለው ቦታ በአዲስ ኖራ ነጥቷል። በጥፍሯ ፋቀችው። ከሥሩ ጥላሸት ወጣ።

ሶፊ ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እናቷ ከዲምቱ የላኩላት የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥለው የዳታ ማባያ ጋር ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከታሰረች ጀምሮ የተናገረችው ስሟን ብቻ ነው። ፈጠነች ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ነሽ። በሩን የከፈትሽው ልኬት እንደሌለ ስለምታውቂ ነው። እንዴት እንዳወቅሽ ካልነገርሽ ሌሎች ይነግሩልሻል።»

«ልናገር አልችልም።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ዶክተር ደገፉ እዚህ መጥተው ነበር። ከተናገርሽ እናቱ ድንኳን ውስጥ ሆነው ልጅዎ ውሸታም ነበር ሲባሉ ይሰማሉ አሉኝ።»

«እናቱ አሁን የሚሉትን ሰምቼ መጣሁ» አለች ፈጠነች። «የገደለው ጭስ ነው። ሲሞት በሩን እያንኳኳ ነበር።»

ሶፊ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትገልጠው ተናገረች፤ ረጅም ነበር፣ ደግሞም የሚያሳፍር። ሌዘሩ ከሞተ ቆይቷል። በክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደ ጅራፍ መጣና አቃጠለው። መለዋወጫ እስኪመጣ ብለው ስክሪኑ ላይ ሀብተሚካኤል ጀርመን ሳለ የለካውን መስመር ያሳዩ ጀመር፤ ሁለት የሚያማምሩ ጉብታዎች። መለዋወጫው አልመጣም፤ የታምራት ዕድገት መጣ፣ የዲኑ ሽልማት መጣ፣ የክልል እንግዶች መጡ። አራቱም ያውቁ ነበር፤ ዲኑ፣ ታምራት፣ እሷና ሟቹ። ሟቹ ያን ማክሰኞ ጠዋት ዲኑ ቢሮ ገብቶ እውነቱን ለእንግዶቹ ሊናገር እንደሆነ ነገራቸው። ቀዩን ጨርቅ ከእጀታው ላይ አውርዶ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ «ከእንግዲህ አይሰቀልም» አላት። ከዚያ ንግግሩን ሊያሰላስል ወደ ክፍሉ ገባ። እሷን ዲኑ ወዲያው ለስላሳ ጨምሪ ብለው መርካቶ ላኳት። ስትመለስ እንግዶቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ነበር።

«ሁላችንም እንደዋሸን ያውቅ ነበር፣ እትዬ ፈጠነች። እኛን ግን አልጠላንም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሰዎች ወደ ኮሪደሩ ተጠሩ። መብራት እንደገና ጠፍቶ ነበር። የላቦራቶሪው በር ተቀርቅሯል፤ ቀዩ ሳቲን እጀታው ላይ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ወንበሮች ተደርድረዋል። ዲኑ መሃል ተቀመጡ፣ ታምራት በቀኛቸው። ፍቅረማርያም ጋቢውን ተከናንቦ ራቅ ብሎ ቆመ። ዲኑ ተጠርጣሪዋ የት ናት ብለው ጠየቁ። ፈጠነች በጥበቃ ሥር ናት አለችና ጀመረች።

«ለሁላችሁም አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ምን ሰማችሁ? መልሱ በውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ምንም አልሰማንም። ዶክተር፣ እርስዎ ምንም ያልሰሙት ኮሽታ ስላልነበረ ነው። አቶ ታምራት፣ አንተ ምንም ያልሰማኸው ጀነሬተሩ ስለጮኸ ነው። አንድ ኮሪደር፣ አንድ ሰዓት። አንዱ መልስ ፈቀቅ ብሏል። ያስተማርከኝን ነው የማደርገው።»

ታምራት ወደ ቀዩ ሳቲን አየ።

«ከጀነሬተሩ እንጀምር። ከግራቪሊያው ሥር አልነበረም። ለንግግሩ ጸጥታ ሲባል ወደ ጓሮ ተወሰደ፤ ጢስ መውጫው ከአየር ቀዳዳዋ ሥር ሆነ። ጥላሸቱ በኖራ ተለብጧል። አቶ ፍቅረማርያም?»

ፍቅረማርያም ጥፍሮቹን አየ።

«ቀዳዳዋ ሁልጊዜ ውትፍ ናት» አለ። «እኔ ነኝ በገዛ እጄ የወተፍኳት፣ ብርሃን እንዳይገባበት። ጀነሬተሩን አስነስቼ ንግግሩን ልሰማ ወደ ፊት ዞርኩ። ወንድሜ ሲመሰገን ልሰማ። ማን ነቀለው ያንን ቡትቶ?»

«እሱ ራሱ» አለች ፈጠነች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «መብራት የለም፤ በሩ ተቀርቅሮበታል፤ ጨለማ ነው። ብርሃን ይግባልኝ ብሎ፣ ምናልባትም ሰው ይሰማኛል ብሎ ነቀለው። የገባው ጭሱ ነው። አንተ ይህን አስበህ አላደረግኸውም። ያሰበ ሰው ጥላሸቱን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ አንተ ግን ያየኸው ወንድምህ ከሞተ በኋላ ጀነሬተሩን ስታነሳ ነው።»

ፍቅረማርያም ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ።

«የቀረው በሩ ነው። ሟቹ ጨርቁን አውርዶ ኪሱ ከቶታል፤ ሊሰቅል አይችልም፤ ደግሞም ውስጥ ነበረ። በሩ ላይ ያለው ጨርቅ ይህ ነው፤ የሪባን ሳቲን።» የበዓሉ ፎቶግራፍ አንሺ ካጠባቸው አንዱን ፎቶ አወጣች። አቶ ጌታሁን መቀስ ይዘው ፈገግ ብለዋል፤ ሪባኑ ከአንደኛው ምሰሶ ጫፍ አልደረሰምና በሲባጎ ተቀጥሏል። «ሪባን በልክ ተገዝቶ አንሶ አያውቅም። ከዚህ ላይ የተቆረጠው ነው እዚያ የተሰቀለው። ቀይ ጨርቅ ካለ ማንም አይከፍትም፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ ሰውዬው አይናገርም። ከዚህ ያለፈ አሳብ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።»

«ሪባኑ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለ ታምራት። «ማንም ሊቆርጠው ይችላል። ሶፊም ጭምር።»

«ሶፊ መርካቶ ነበረች።»

«ማን እንደቆረጠው ማስረጃ አለሽ ወይ?»

«የለኝም።»

ዲኑ ተነፈሱ፤ ከረባታቸውንም አስተካከሉ። ልኬት አለ ብለው በቅን ልቦና እንዳመኑ፣ መሣሪያው እስከ ሟቹ ዕለተ ሞት ድረስ በሚገባ ይሠራ እንደነበር፣ በሩ ፊት የነበሩት ሁሉ ይህን እንደሚመሰክሩ ተናገሩ። ሟቹ አንኳክቶ ቢሆን ኖሮ የማይሰማ ሰው እንደማይኖር፣ ይህም ያለማንኳኳቱ ማረጋገጫ እንደሆነ ጨመሩ። ንግግራቸው ቆንጆ ነበር፤ ያለ ማይክሮፎን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሲጨርሱ ከበሩ ጀርባ ድምፅ መጣ።

የታፈነ ነው። ብረት እንጨት ሲመታ እንደሚሰማው የሚጮህ አይደለም፤ እርሳስ ለስላሳ ነው። ድም፣ አለ። ቆየት ብሎ እንደገና፣ ድም።

ማንም አልተነሣም። ዲኑ ጣሪያውን አዩ። ታምራት እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከተተ። ቀይ ጨርቁ እጀታው ላይ ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሏል።

በዚህ መሃል ከኮሪደሩ ጫፍ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ከክልል የተጠሩት አቶ ጌታሁን ናቸው። ከአርባ ምንጭ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ዘግይተዋል፤ ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ፣ ስለ ሐዘኑ የመሥሪያ ቤታቸውን ማጽናኛ አቀረቡ፣ ለመቀመጥ ወንበር ሳቡ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ፤ ፊታቸው በራ።

«መሣሪያው መሥራቱን ቀጠለ ማለት ነው» አሉ። «ጥሩ አደረጋችሁ። የሟቹ ሥራ መቆም የለበትም።»

አቶ ጌታሁን ጣታቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ያ ድምፅ አይደለም እንዴ? ያን ዕለት ዶክተር ደገፉ የሌዘሩ ምት ነው ያሉኝ?» ወደ ፈጠነች ዞሩ፤ እንደሚያስረዳ ሰው። «በኋላ ላይ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እኔ ተበላሸ ብዬ ሰጋሁ። አቶ ታምራት ግን ከባድ ብረት ላይ ሲደርስ ይዘገያል ብለው አብራሩልኝ። በመጨረሻ ቆመ። ያን ጊዜ ተለክቶ አለቀ ተባለና አጨበጨብን።»

ፍቅረማርያም ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሱም አጨብጭቦ ነበር።

ከበሩ ጀርባ ድምፁ ቀጠለ፤ አሁን ግን በመሃሉ ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ። ድም። ዲኑ ከረባታቸውን ፈቱት፣ መልሰው ሊያስሩት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። አቶ ጌታሁን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያዩ ፈገግታቸውን የት እንደሚያኖሩት ጠፋቸው። ፈጠነች አልተንቀሳቀሰችም። ድም። ከዚያ ምንም። ሁሉም የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ፤ አልመጣም።

ታምራት ተነሣ።

ማንም አላዘዘውም። ቀዩን ጨርቅ ከእጀታው ላይ ቦጭቆ ጣለ፤ በሩን ከታች በጉልበቱ ገፋ፤ መቀርቀሪያውን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ቀና አድርጎ ወደ ጎን ሳበው። በሕይወቱ ነክቶት የማያውቀው መቀርቀሪያ ኮሽ ሳይል ወጣለት።

በሩ ተከፈተ። ሶፊ ጫፏ የተጨፈለቀ የእርሳስ ዘንግ ይዛ ደፉ ላይ ቆማ ነበር፤ በጓሮው ቀዳዳ የገባው የከሰዓት ብርሃን ከኋላዋ ወለሉ ላይ ተኝቷል።